በስልክ የተሰማው ነፃ ጃዝ ግማሹ ብቻ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የሙላቱ አስታጥቄንና የጌታቸው መኩሪያን ሥራዎች ለዓመታት ሳደምጥ ኖሬአለሁ። በቅርቡ አንድ ወዳጄ የአሜሪካዊውን ሳክስፎን ነፊ የኦርኔት ኮልማንን ‹ፍሪ ጃዝ› ጨምሮ ዐሥር ያህል አልበሞች በቴሌግራም ላከልኝ። ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ከፈትኩት፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልታገሥኩም። ሁሉም እንደፈለገው የሚነፋበት ጫጫታ ነው። ባለቤቴም ‹ስልኩ ተበላሸ እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። ይህ መጫወት የማይችሉ ሰዎች ማታለያ ነው ወይስ ጉድለቱ የእኔ ጆሮ ነው? ጌታቸው መኩሪያ ነፃ ጃዝን ከአሜሪካኖቹ ቀድሞ ጀምሮታል የሚባለውስ እውነት ነው? ወዳጄ ‹በሸክላ ካልሰማኸው አይገባህም› ይለኛል፤ ማጫወቻ ልግዛ?»

ምላሽ፦ ማጫወቻ አይግዙ። ጆሮዎም ጤነኛ ነው። የተቸገሩት በአብዛኛው ባደመጡበት መሣሪያ፣ በቀሪው ደግሞ በጀመሩበት አልበም ምክንያት ነው። ሁለቱም በትንሽ ወጪ ይስተካከላሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመሣሪያው ልጀምር። «ፍሪ ጃዝ» ዲሴምበር 21 ቀን 1960 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቀዳ ስምንቱ ተጫዋቾች አራት አራት ሆነው በሁለት ቡድን ተከፍለው ነበር፤ አንደኛው ቡድን የሚሰማው ከግራ፣ ሌላኛው ከቀኝ ብቻ ነው። በግራ ኮልማን ራሱ በሳክስፎን፣ ዶን ቼሪ በትንሿ ትራምፔት፣ ስኮት ላፋሮ በቤዝ፣ ቢሊ ሂጊንስ በድራም አሉ። በቀኝ ኤሪክ ዶልፊ በቤዝ ክላሪኔት፣ ፍሬዲ ሀባርድ በትራምፔት፣ ቻርሊ ሄይደን በቤዝ፣ ኤድ ብላክዌል በድራም ይጫወታሉ። የሥራው አሳብ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ አቀማመጥ ላይ ነው፤ አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ወገን ከማዶ ይመልሳል፣ ይቀበላል ወይም ያቋርጣል። የስልክ ስፒከር ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደፍጥጦ በአንዲት ቀዳዳ ሲያወጣው፣ በሁለት ረድፍ ቆመው የሚቀባበሉ ሰዎች በአንድ ጠባብ በር ለመውጣት እንደሚጋፉ ሆነው ይሰማሉ። እርስዎ ጫጫታ ያሉት ይህንን መጋፋት ነው፤ በእርግጥም ጫጫታ ነው፤ ነገር ግን የተፈጠረው ስቱዲዮው ውስጥ ሳይሆን በረንዳዎ ላይ ነው።

ከዚህ የከፋው የቤዙ መጥፋት ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የጣት ጥፍር የምታክለው የስልክ ስፒከር ደግሞ ከሁለት መቶ በታች ያለውን ርግብግቢት ከሞላ ጎደል አታወጣውም። በዚህ አልበም ውስጥ ፒያኖ የለም፤ ስለዚህ ነፊዎቹ የሚቆሙበት መሬት ሁለቱ ቤዞች ናቸው። ሄይደንና ላፋሮ ከጠፉ የሚቀርልዎ ከላይ ያለው ጩኸት ብቻ ነው፤ ሥሩ የማይታይ ዋርካ በአየር ላይ ተንሳፍፎ እንደማየት ይሆናል። በዚህ ላይ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ደጋግመው የተጨመቁ ስለሆኑ የድራሙ ሲምባል (የናስ ሳህኑ) ጥርት ብሎ መሰማቱ ቀርቶ እንደ ዘይት ጥብስ ይንቻቻል። ምቱን ይዞ የሚሄደው ግን ያው ሲምባል ነው። ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስና የባጃጁ ድምፅ ሲጨመርበት ምን እንደቀረዎ እርስዎ ያሰሉት።

እንግዲህ መታረም ያለበት አንድ አሳብ አለ። «ምት የለውም» ሲባል ይሰማል፤ «ፍሪ ጃዝ» ግን ምት አለው። ሂጊንስና ብላክዌል ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው የጃዙን መደበኛ ምት ጠብቀው ይሄዳሉ፤ የተለቀቀው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀደም በነበረው ጃዝ ተጫዋቹ በራሱ ፈጠራ ሲጫወት፣ ከሥሩ ተራቸውን ጠብቀው የሚመላለሱ ኮርዶች (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ነበሩ። በምን ቅደም ተከተል እንደሚዞሩ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚቀየሩ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል፤ ፈጠራውም በዚያ አጥር ውስጥ ነው። ኮልማን ያፈረሰው ይህንን አጥር ነው። በምትኩ አጫጭር፣ አስቀድመው የተዘጋጁ የጋራ ሐረጎችን አስቀመጠ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ተራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሐረጉን አብረው ይነፉና ይለቁለታል። ተራውም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ዶልፊ፣ ከዚያ ሀባርድ፣ ኮልማን፣ ቼሪ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ቤዞች፣ በመጨረሻ ሁለቱ ድራሞች። ይህንን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፈው በእጅዎ ይዘው ቢያደምጡ፣ 37 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ሥራ ሥርዓት እንዳለው ይደርሱበታል።

«መጫወት የማይችሉ ሰዎች» ስለሚለው ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ የተጫዋቾቹ ታሪክ ይበቃል። ዶልፊ በዚያው በዲሴምበር 21 ቀን፣ ከሌላ ቡድን ጋር፣ ኮርድና ዙር የተጠበቀበት «ፋር ክራይ» የተባለ ሙሉ አልበም ቀድቷል። ላፋሮ በወራት ልዩነት ከፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስ ጋር የተጫወተው ቤዝ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይጠናል፤ በ1961 በመኪና አደጋ ሲሞት 25 ዓመቱ ነበር። ሀባርድም ቢሆን የዘመኑ ስመ ጥር ትራምፔት ነፊ ነው። እነዚህ ሰዎች ሕጉን የጣሱት ስላላወቁት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ኮልማንን ተከትለው ከመጡት መካከል በነፃነት ስም አላዋቂነታቸውን የሸፈኑ አልነበሩም ማለት አይቻልም፤ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ስለዚህ «ነፃ ጃዝ ጥሩ ነው» ወይም «ማታለያ ነው» የሚሉ ጅምላ ፍርዶች ሁለቱም ከንቱ ናቸው፤ የሚፈረደው በአልበሙ ላይ ነው።

ታዲያ ደጉን ከክፉው በምን እንለየው? እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ከዚሁ ከአገራችን የመጣ ነው። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ባለቅኔው በየዕለቱ አዲስ ያወጣል። ነገር ግን ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ሆነ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ልኩ የታወቀ ነው፤ ልኩን ያፋለሰ ተማሪ አዲስ ነገር አመጣሁ ብሎ አይመጻደቅም፤ ይታረማል። አዝማሪ ቤት ደግሞ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ፣ አዝማሪው የራሱን የተዘጋጀ ግጥም ከቀጠለ ቤቱ ወዲያው ያውቅበታል። እንግዲህ በነፃ ጃዝ ውስጥ ልኩ እንደ ቅኔው አስቀድሞ የተሠፈረ ስላልሆነ ከጉባኤው ጋር ያለው መመሳሰል እዚህ ላይ ይቆማል፤ የቀረው ሕግ የአዝማሪው ነው፦ ተቀብለሃል ወይስ አልተቀበልክም? ሳክስፎኑ ድንገት ዝቅ ሲል ድራሙ ለውጡን ሰምቶ አንድ ነገር ያደርጋል? ቤዙ አንዲት ሐረግ ሲጥል የሚያነሣት ሰው አለ? ሁሉም ዝም የሚሉበት፣ ወይም አንዱ ለሌላው ቦታ የሚለቅበት ጊዜ አለ? ካለ፣ ባይወዱትም ሙዚቃ ነው። ከሌለ፣ ተጫዋቾቹ የቱንም ያህል ስም ቢኖራቸው ፋይሉን ይዝጉት። በዚህ ሚዛን ስመዝነው የጀርመናዊው ሳክስፎን ነፊ የፒተር ብሮትስማን «ማሽን ገን» (በ1968 ብሬመን ውስጥ በስምንት ሰዎች የተቀዳው) ያልፋል፤ ለቤት ማዳመጫነት ግን አልመክረውም። እኔ ራሴ ያንን አልበም ከከፈትኩት ዓመታት አልፈዋል። የአሜሪካዊው ሳክስፎን ነፊ የጆን ኮልትሬን «አሴንሽን»ም (1965፣ ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች) እንዲሁ የማከብረው ግን ከስንት አንዴ የማነሣው ሥራ ነው።

የጌታቸው መኩሪያ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወሬው የሚነሣው የውጭ አገር አድማጮች የጌታቸውን ሳክስፎን ሲሰሙ አሜሪካዊውን ሳክስፎን ነፊ አልበርት አይለርንና ኮልማንን ስላስታወሳቸው ነው። ድምፁ በእርግጥ ይቀራረባል፦ በምት ያልታሰረ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣ፣ በትንፋሽ የተሞላ ሰፊ ድምፅ ነው። የመጣበት መንገድ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ጌታቸው የሠራው ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ማሻገር ነው። ሽለላ ደግሞ የራሱ ሕግ፣ የራሱ አነሣስና አወራረድ ያለው፣ ለጀግና የሚደረግ የቃል ጥበብ ነው፤ ከኮርድ አጥር ነፃ የወጣ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ በዚያ አጥር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ «ቀድሞ ጀመረ» ማለት ጌታቸውን የሚያከብር ይመስላል እንጂ በእርግጥ ያሳንሰዋል፤ የራሱን ዙፋን ነሥቶ በሌላ ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። እውነተኛው ግንኙነት የተፈጠረው ዘግይቶ ነው፤ ከኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር በ2006 ያወጣው «ሞዓ አንበሳ» ለዚህ ምስክር ነው፤ ያንን አልበም ገና ካልሰሙት ከዚህ ሁሉ ዝርዝር በፊት ይስሙት።

ከሙላቱ ወደ ኮልማን ያለው መንገድ ግን እርስዎ እንዳሰቡት አጭር አይደለም፤ ሁለተኛው የችግርዎ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱም «ጃዝ» ተብለው ስለሚጠሩ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። የሙላቱ ሥራ ኃይል ያለው በቅንብሩ ላይ ነው፦ የአምስት ድምፅ ቅኝታችንን ወስዶ ከምዕራቡ ኮርድና ከላቲን ምት ጋር ያስታረቀበት ጥንቃቄ፣ ቫይብራፎኑና ነፊዎቹ የሚቀመጡበት ልክ ሁሉ የታሰበበት ነው። በግል ፈጠራ የሚጫወቱት ክፍል አለ፤ ነገር ግን ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚገባ እንግዳ ነው። ጆሮዎ በዚህ የተቃኘ ሆኖ ሳለ በአንድ ምሽት ወደ «ፍሪ ጃዝ» መዝለሉ ማነቆ ሆነብዎ። የእርስዎ አጭሩ መንገድ በጌታቸው በኩል የሚያልፈው ነው፤ ምት የሌለው ሽለላ ሲሰሙ «ይህ ሰው የት ነው ያለው?» ብለው አይጠይቁም፤ ድምፁን ብቻ ይከተላሉ። እዚህም የሚፈለግብዎ ይኸው ነው።

ወዳጅዎ ከላኩልዎ ውስጥ የጊታር ተጫዋቹ የዴሪክ ቤይሊ ወይም የሳክስፎን ነፊው የኢቫን ፓርከር ሥራ ካለ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። «ነፃ ጃዝ» እና «ነፃ ፈጠራ» በአንድ ከረጢት የሚገቡ አይደሉም። የመጀመሪያው የጃዝ ልጅ ነው፤ የአባቱን ቤት ትቶ ቢወጣም ንግግሩ ያስታውቅበታል፦ ብሉዝ አለ፣ ዜማ አለ፣ ብዙ ጊዜም ምት አለ። ሁለተኛው በ1960ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝና በአውሮፓ የተነሣ ሲሆን ዜማም፣ ቅኝትም፣ የየትኛውም አገር የሙዚቃ ቋንቋም እንዳይሰማ ሆን ብሎ የሚጥር ነው። ቤይሊ፣ ፓርከርና የኔዘርላንዱ ድራመር ሃን ቤኒንክ በ1970 ያወጡት «ዘ ቶፖግራፊ ኦቭ ዘ ላንግስ» የዚህ ዓይነቱ ማሳያ ነው። ጊታሩ ጊታር እንዳይመስል፣ ሳክስፎኑ ትንፋሽና ቁርጥራጭ ድምፅ እስኪሆን ድረስ ይሄዳሉ። እኔ ይህንን የምወደው በአካል ተገኝቼ ሳየው ነው፤ ሰዎቹ ሲተያዩ፣ ሲያመነቱ፣ ሲያፈገፍጉ ይታያል። ሸክላ ላይ ሲቀዳ ከዚያ ውስጥ የሚቀረው ቅርፊቱ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ለጥቂት ወጣት ተጫዋቾች፣ አንዱ መሰንቆ ሌላው ሳክስፎን ይዘው፣ ያለ ቅኝት ስምምነት ለዐሥር ደቂቃ እንዲጫወቱ ጠይቄአቸው ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ትንፋሻችንን ይዘን አደመጥን። በነጋታው ቅጂውን ስሰማው ግን የተወደደው ነገር የት እንደገባ ማግኘት አቃተኝ። ወሰኑ ይህ ነው፤ ይህንን ዓይነቱን አልበም ባይወዱት የጎደለብዎ ነገር የለም።

ወደ ሸክላው ልምጣ። «በሸክላ ካልሰማኸው አይገባህም» የሚለው አሳብ ፍቅር እንጂ እውቀት አይደለም። የሸክላ አንድ ፊት በተለምዶ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ስለሚይዝ «ፍሪ ጃዝ» እንኳ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ነው በሁለት ፊት የወጣው፤ ዛሬ በዲጂታል ቅጂ ሳይቆረጥ ይሰሙታል፤ በዚህ በኩል ዲጂታሉ ይበልጣል። የተባለው ሙቀትና ለስላሳነት ከጥሩ ማጫወቻ፣ ከጥሩ ማጉያና ከጥሩ ስፒከር የሚገኝ ሲሆን ዋጋው ለአንድ ደመወዝተኛ የሚቀመስ አይደለም፤ በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሾቹ ማጫወቻዎች ደግሞ መርፌያቸው ከብዶ ሸክላውን ይፍቁታል፤ የተሠራላቸው ስፒከርም ከስልክዎ ብዙም አይሻልም። መርፌው ሲያልቅ እዚህ ከተማ የሚተካ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። የሐይቁ እርጥበት የወረቀት ሽፋኑን ያሻግተዋል፣ የቀትሩ ፀሐይ ሸክላውን ያጣምመዋል። እኔ አንድ የኮልትሬን ሸክላ በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ሥር ረስቼ ስመለስ እንደ ሰፌድ ተንጋዶ አግኝቼዋለሁ። አሁን ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ፤ ከዚያ ሌላ አገልግሎት የለውም።

የምመክርዎ የሚከተለውን ነው፤ ቅደም ተከተሉንም አይለውጡት። በመጀመሪያ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለ ገመድ ማዳመጫ ይግዙ። ግራና ቀኙን የሚያመለክተውን ምልክት አይተው ያድርጉት፤ ድምፁንም ከግማሽ በላይ አያድርሱት፤ የሳክስፎን ጩኸት በማዳመጫ ለረጅም ጊዜ ከፍ ተደርጎ ሲሰማ ጆሮን ይጎዳል፤ የተጎዳ ጆሮም አይመለስም። በቴሌግራም የመጡትን ፋይሎች ትተው፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት ከሕጋዊ የሙዚቃ መተግበሪያ በከፍተኛ ጥራት አውርደው ያስቀምጧቸው፤ በቀጥታ እየሳቡ ማድመጥ መስመሩ በደከመ ቁጥር ጥራቱን ያወርድብዎታል።

ከዚያ የኮልማንን የ1959 አልበም «ዘ ሼፕ ኦቭ ጃዝ ቱ ከም»ን ይክፈቱና የመጀመሪያውን ሥራ፣ «ሎንሊ ዉመን»ን ብቻ ይስሙ። አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ድራሙ በፍጥነት ይሮጣል፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ግን ከላይ ሆነው ፍጥነቱ የማይመለከታቸው ይመስል፣ እንደ ሙሾ አውራጅ እየጎተቱ፣ ዜማውን በዝግታ ያወርዱታል። ሦስት ምሽት ሦስት ጊዜ ይስሙት፦ አንድ ቀን የሄይደንን ቤዝ ብቻ፣ አንድ ቀን ድራሙን ብቻ፣ አንድ ቀን ዜማውን። ትዝታን እያደመጠ ላደገ ሰው ይህ ኀዘን ባዕድ አይሆንበትም፤ ቅኝቱ ግን ትዝታ አይደለምና አያመሳስሉት።

ቀጥሎ የጌታቸውን «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 14 እንደገና ያንሡ። የሚያውቁት ነው፤ አሁን ግን ባንዱን ትተው የሳክስፎኑን ትንፋሽ ብቻ ይከተሉ። በማግሥቱ የአልበርት አይለርን «ስፒሪችዋል ዩኒቲ» ይስሙ። በጁላይ 1964 በሦስት ሰዎች የተቀዳ፣ ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ አልበም ነው፤ ዜማዎቹ ሕፃን የሚያንጎራጉራቸው ዓይነት ቀላል ናቸው፤ አይለር ዜማውን ካስያዘዎ በኋላ እስኪቀደድ ድረስ ይዘረጋዋል። ሁለቱን በተከታታይ ሲሰሙ ከላይ ስለ ጌታቸው የተናገርሁትን፣ ተመሳሳይነቱንም ልዩነቱንም፣ በራስዎ ጆሮ ይፈርዳሉ። ከዚያ የኮልትሬን «ኢንተርስቴላር ስፔስ» ይከተላል። ኮልትሬን በ1967 ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት ከድራመሩ ራሺድ አሊ ጋር ብቻውን የቀዳው፣ በ1974 የወጣ ሥራ ነው። ቤዝ የለውም፤ ስለዚህ ማዳመጫዎ ተበላሽቶ በስልክ ስፒከር ቢሰሙት እንኳ ከሌሎቹ ያነሰ ነገር ነው የሚያመልጥዎ። ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆኑም ማን ለማን እንደሚመልስ ለመለየት አይቸገሩም።

አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያድምጡ፤ ከግማሽ ሰዓትም አያሳልፉ። ምግብ እየበሉ ወይም ከሰው ጋር እያወሩ የሚሰማ ሙዚቃ አይደለም፤ ለእንግዳም አይከፈትም፤ ባለቤትዎ ስልኩ ተበላሸ ብለው መጠየቃቸው ፍጹም ትክክል ነበር፤ በዚያ ድምፅ ከወጥ ቤት ሆኜ ብሰማው እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበር። አንዳንድ ወዳጆቼ እነዚህን አልበሞች ሰው ፊት የሚከፍቱት ራሳቸውን ለማስከበር ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ይህንን ሁሉ ሳይቸኩሉ ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ ወደ «ፍሪ ጃዝ» ይመለሱ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው አይጀምሩ። ወደ መጨረሻው ገደማ ነፊዎቹ ዝም ብለው ሁለቱ ቤዞች የሚቀሩበትን ክፍል ይፈልጉ። ሄይደን በቀኝ ጆሮዎ በወፍራሙ ሲቆም፣ ላፋሮ በግራ ሲሮጥ ይሰማሉ። የቡድኖቹ አቀማመጥ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የሚሰማበት ቦታ የለም፤ እሱን ከያዙ በኋላ አልበሙን ከመጀመሪያው ያስነሡት። ያኔም ካስጠላዎ ይሰርዙት፤ ስልክዎ ላይ ለ«ሞዓ አንበሳ» ቦታ ያስፈልጋል።